የስፒከር መግለጫ ላይ «ከ38 እስከ 20,000 ኸርዝ» ማለት በእርግጥ ምን ማለት ነው?

የአዳራሹ ተጠሪ

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ኮልፌ አካባቢ ለሚገኘው የሰንበት ትምህርት ቤታችን አዳራሽ ሁለት ስፒከር መርጬ እንድገዛ ኃላፊነት ተጥሎብኛል። አዳራሹ ርዝመቱ 14 ሜትር፣ ወርዱ 9 ሜትር፣ ከፍታው 4 ሜትር ነው። በአዘቦት ቀን ስብከትና ትምህርት ይሰጥበታል፤ በሰንበት ደግሞ በከበሮ፣ በማሲንቆና በበገና የታጀበ መዝሙር ይቀርብበታል።

ምርጫው ዋጋቸው እኩል በሆነ ሁለት ዓይነት ስፒከሮች መካከል ነው፤ ሁለቱም አምፕሊፋየራቸው አብሮ የተገጠመላቸው ናቸው። አንደኛው ባለ 8 ኢንች ሲሆን የመግለጫ ወረቀቱ «ከ38 እስከ 20,000 ኸርዝ» ብሎ ያቆማል። ሁለተኛው ባለ 12 ኢንች ሲሆን ወረቀቱ ላይ ሁለት መስመር ሰፍሯል፤ «ከ55 እስከ 18,000 ኸርዝ፣ ±3 ዲሲቤል» የሚልና ከሥሩ «ከ45 እስከ 20,000 ኸርዝ፣ −10 ዲሲቤል» የሚል። ሻጩ አንደኛው ወደ ታችም ወደ ላይም ስለሚሰፋ ይሻላል ብሎ አስረዳን፤ የኮሚቴው አባላትም በቁጥሩ ተስማሙ።

እኔን ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ከሦስት ዓመት በፊት የገዛነው ስፒከርም ወረቀቱ ላይ ከ40 ኸርዝ ይጀምራል ተብሎ ነበር። ሆኖም ከበሮው ሲመታ የሚሰማው «ጧ» የሚለው የቆዳው ድምፅ ብቻ እንጂ ደረት ውስጥ የሚገባው «ድም» አልነበረም፤ ሰባኪው ሲናገርም ከኋላ የተቀመጡት «ምን አሉ?» እያሉ ጎናቸው ያለውን ሰው ይጠይቁ ነበር። ይህ የድግግሞሽ ምላሽ፣ ብዙዎቻችን ፍሪኩዌንሲ ሪስፖንስ የምንለው፣ ስፒከሩ በየድግግሞሹ (በኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ በሚርገበገብበት ቁጥር) ምን ያህል ድምፅ እንደሚያወጣ የሚናገረው ነገር፣ እንዴት ነው የሚነበበው? ገንዘቡ የምእመናን መዋጮ ስለሆነ ሁለተኛ መሳሳት አልፈልግም።

ባለ መለኪያ ማይክ

ወንድሜ፣ ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው። አንደኛው ወረቀት የነገረዎት ስፒከሩ በ38 ኸርዝም ሆነ በ20,000 ኸርዝ አንዳች ድምፅ እንደሚያወጣ ብቻ ነው። ምን ያህል ድምፅ የሚለውን ዋናውን ጉዳይ አልነገረዎትም። በ38 ኸርዝ የሚያወጣው ድምፅ በ1,000 ኸርዝ ከሚያወጣው በ25 ዲሲቤል (ዲሲቤል የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ቢያንስ እንኳ ወረቀቱ ዋሸ ብሎ መክሰስ አይቻልም፤ ስለ ልዩነቱ ምንም ቃል አልገባምና። 25 ዲሲቤል ደግሞ በጉልበት ሲሰላ ከ300 እጥፍ በላይ ማነስ ነው፤ እንዲህ ያለ ቤዝ በአዳራሽ ውስጥ የለም ቢባል ይቀላል።

ስለዚህ ዓይንዎን ከኸርዙ ላይ አንሥተው ከኋላው ወደሚመጣው የዲሲቤል ቁጥር ይውሰዱት። የሁለተኛው ስፒከር ወረቀት ከ55 እስከ 18,000 ኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ ድምፁ ከመካከለኛው መጠን ከ3 ዲሲቤል በላይ እንደማይወጣና ከ3 ዲሲቤል በታች እንደማይወርድ ቃል ይገባል። ሁለተኛው መስመሩ ደግሞ እስከ 45 ኸርዝ ቢወርዱ አሁንም ድምፅ እንደሚያገኙ፣ ግን በዚያ ጫፍ ላይ በ10 ዲሲቤል ያነሰ መሆኑን በግልጽ ያምናል። 3 ዲሲቤል መቀነስ ጉልበቱ በግማሽ መውረዱ ነው፤ 10 ዲሲቤል ሲቀንስ አንድ አሥረኛው ብቻ ይቀራል፤ ለጆሮም ድምፁ በግማሽ ገደማ ያነሰ ሆኖ ይሰማል።

አንድ ስፒከር ስንት ዓይነት እውነት ሊጻፍበት እንደሚችል እኔ ራሴ ያየሁትን ልንገርዎት። ክረምቱ እንዳለቀ የአንድ ወዳጄን ባለ 10 ኢንች ስፒከር ንፋስ ሳይነሣ በማለዳ ወደ ሰፈራችን ኳስ ሜዳ ወሰድሁትና መሬት ላይ አስቀምጬ፣ የመለኪያውን ማይክ በ2 ሜትር ርቀት ሣሩ ላይ አጋድሜ ለካሁት። መሬት ላይ መለካት የሚመረጠው ከመሬት የሚመለሰው ድምፅ ከቀጥተኛው ጋር እኩል ደርሶ መጠኑን በሁሉም ድግግሞሽ በ6 ዲሲቤል ስለሚያነሣው ነው፤ ርቀቱን 2 ሜትር ማድረግ ደግሞ ያንኑ 6 ዲሲቤል መልሶ ስለሚቀንሰው ንባቡ በነጻ አየር ላይ በ1 ሜትር ከሚገኘው ጋር ይገጥማል። የዚያ ስፒከር ድምፅ 61 ኸርዝ ላይ በ3 ዲሲቤል፣ 55 ላይ በ6፣ 48 ላይ በ10 ዲሲቤል ወርዶ አገኘሁት። እንግዲህ አምራቹ 61 ብሎ ቢጽፍ እውነት ነው፤ 48 ብሎ ቢጽፍም እውነት ነው፤ የዲሲቤሉን ቁጥር ትቶ 35 ብሎ ቢጽፍ ደግሞ ማንም አይጠይቀውም።

ባለ 8 ኢንቹ በእውነት 38 ኸርዝ በጉልበት ሊያወጣ እንደማይችል እንድጠረጥር የሚያደርገኝ ሌላም ምክንያት አለ። አንድ ኮን፣ አየሩን እየገፋ ድምፅ የሚፈጥረው የስፒከሩ ሾጣጣ ክፍል፣ በአንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ (በግማሽ ድግግሞሽ) ያንኑ መጠን ድምፅ እንዲያወጣ ከተፈለገ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚጓዘው ርቀት አራት እጥፍ መሆን አለበት። በ76 ኸርዝ 2 ሚሊ ሜትር የሚጓዝ ኮን በ38 ኸርዝ 8 ሚሊ ሜትር ይጠየቃል ማለት ነው። በሙያው ውስጥ የሆፍማን ሕግ የሚባል የቆየ መርሕ አለ፤ ትንሽ ሳጥን፣ ጥልቅ ቤዝና በትንሽ ዋት ብዙ ድምፅ፣ ሦስቱ በአንድነት አይገኙም፤ ሁለቱን የመረጠ ሦስተኛውን መተው ግድ ይለዋል። አንድ ወረቀት ሦስቱንም አለኝ ካለ ከመግዛትዎ በፊት ሊለካ ይገባል።

አዲስ አድማጭ

ስለ ታችኛው ጫፍ የተሰጠው ማብራሪያ ገብቶኛል፤ አመሰግናለሁ። ነገር ግን የሰው ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ይሰማል ተብሎ ነው የተማርነው። ሁለተኛው ስፒከር በ18,000 የሚያቆም ከሆነ ከላይ 2,000 ኸርዝ ያህል መጉደሉ ትልቅ ነገር አይደለምን?

የፊዚክስ መምህር

ጥያቄህ ጥሩ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትም እዚህ ላይ ነው። ጆሮ ድግግሞሽን የሚያነጻጽረው በመቀነስ ሳይሆን በማካፈል ነው። ከ20 ወደ 40 ኸርዝ መውጣት አንድ ኦክታቭ ነው፤ ከ10,000 ወደ 20,000 መውጣትም እንዲሁ አንድ ኦክታቭ ብቻ ነው። በዚህ መለኪያ ከ18,000 እስከ 20,000 ያለው ርቀት ሁለት ሴሚቶን (ሴሚቶን የኦክታቭ አንድ አሥራ ሁለተኛ ነው) እንኳ አይሞላም፤ ከ38 እስከ 55 ያለው 17 ኸርዝ ግን ከግማሽ ኦክታቭ ይበልጣል። በወረቀቱ ላይ ትልቅ የሚመስለው ቁጥር ለጆሮ ትንሽ፣ ትንሽ የሚመስለው ደግሞ ትልቅ ነው።

በዚያ ላይ የመስማት ከፍተኛው ጫፍ ከዕድሜ ጋር ይወርዳል፤ በጎልማሳነት ዕድሜ ላይ ያለ ሰው ከ16,000 ኸርዝ በላይ ያለውን አለመስማቱ የተለመደ ነው። ለመድረክ የሚያገለግለው የታወቀው የሹር ኤስኤም58 ማይክም በአምራቹ ወረቀት ላይ ከ50 እስከ 15,000 ኸርዝ ተብሎ ነው የተገለጸው፤ ማይኩ በቅጡ ያልያዘውን ስፒከሩ ሊያወጣው አይችልም። ስለዚህ ለስብከትና ለመዝሙር አዳራሽ ስፒከር ሲመረጥ ከወረቀቱ ላይ ካሉት ቁጥሮች ሁሉ እጅግ ትንሹን ክብደት የምሰጠው ለላይኛው ጫፍ ነው።

ከዚሁ ጋር አንድ ነገር ልጨምር፤ ተማሪዎቼ ደጋግመው ይጠይቁኛልና። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳስቷል፤ ስለዚህ የድምፅ ፍጥነት ይለያል የሚሉ አሉ። ፍጥነቱን የሚወስነው የአየሩ ሙቀት እንጂ መሳሳቱ አይደለም፤ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እዚህም ሆነ ጅቡቲ ወደብ ላይ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ነው። አየሩ ሲሳሳ የሚቀንሰው ኮኑ ገፍቶ የሚያወጣው የድምፅ መጠን ነው፤ በመሆኑም ወረቀቱ ላይ የሰፈረው የዲሲቤል መጠን በባሕር ወለል ላይ ከሚገኘው በእኛ ከተማ በጥቂቱ ዝቅ ይላል።

ባለ ካሴት ቤቱ

ልጆቼ፣ ውይይታችሁን በደስታ ነው የማነበው። ነገር ግን እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሙዚቃ ስሸጥና ስፒከር ሳስመርጥ ኖሬ አንድም ቀን ወረቀት አላነበብሁም። ስፒከር የሚመረጠው በጆሮ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ አንድ ዓይነት መዝሙር ማጫወትና መስማት ይበቃል፤ ጆሮ ያላመነውን ኪሎ ሙሉ ወረቀት አያሳምነውም።

የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ

ጋሼ፣ የመጨረሻው ፈራጅ ጆሮ መሆኑን ሁላችንም እንቀበላለን። ሆኖም ጆሮ በሱቅ ውስጥ እንዴት እንደሚታለል እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል ብዬ አምናለሁ። ከሁለት ስፒከሮች አንዱ በ1 ወይም በ2 ዲሲቤል ከፍ ብሎ ከተጫወተ፣ ሰሚው «ከፍ ያለ ነው» አይልም፤ «ጥርት ያለ ነው» ነው የሚለው። ሻጩ ሊሸጥ የፈለገውን ስፒከር ጥቂት ከፍ ካደረገው ምርጫው እዚያው አለቀ። ስለዚህ በጆሮ ከማነጻጸር በፊት መጠናቸው በመለኪያ መስተካከል አለበት፤ ቢቻል ደግሞ ሰሚው የትኛው እየተጫወተ እንደሆነ ማየት የለበትም።

እንዲህ ያለውን ዓይንን የጋረደ ሙከራ ለዓመታት ያካሄደው ፍሎይድ ቱል ነው፤ መጀመሪያ በካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት፣ በኋላም በሃርማን ኩባንያ። ያገኘው ውጤት ለእኛ ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ ይሰጣል። ሰዎች የትኛውን እንደሚሰሙ ሳያዩ ሲመርጡ፣ በብዛት የሚመርጡት ፊት ለፊት የሚወጣው ድምፅ ቀጥ ያለና ወደ ጎን የሚወጣውም ሳይቆራረጥ በዝግታ የሚወርድ ስፒከርን ነው። ስለዚህ ጆሮና መለኪያ ጠላቶች አይደሉም፤ መለኪያው በቂ ሆኖ ከተሠራ ጆሮ ምን እንደሚመርጥ አስቀድሞ ይናገራል።

በቂ መለኪያ የሚባለው ግን አንድ መስመር ቁጥር አይደለም። በ2013 በአሜሪካ የወጣው ሲኢኤ-2034 የተባለው መስፈርት ስፒከሩን በአግድምም በቁመትም በየ10 ዲግሪው እያዞሩ መለካትን ይጠይቃል፤ በጠቅላላው 70 ኩርባ፣ ማለትም የድምፁ መጠን በየድግግሞሹ እንዴት እንደሚወጣና እንደሚወርድ የሚያሳይ መስመር፣ ይሆናል። ከእነዚያ ውስጥ ተደምረው የሚወጡት ጥቂት መስመሮች አንደኛው ፊት ለፊት የተቀመጠው ሰው የሚሰማውን፣ ሌላው ከግድግዳና ከጣሪያ ተመልሶ የሚደርሰውን ያሳያሉ። ኩርባውን የሚያትም አምራች ካገኛችሁ ቁጥሩን ትታችሁ ኩርባውን አንብቡ።

ኩርባውም ቢሆን በጥንቃቄ ነው የሚነበበው። ባለፈው ዓመት እዚህ ሜሪላንድ ለቤተ ክርስቲያናችን ስፒከር ስንመርጥ ሁለት ኩርባዎችን አትሜ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። አንደኛው እንደ ረጋ ውኃ ቀጥ ያለ ነው፤ ሌላው እንደ ተራራ ሰንሰለት ይወጣል ይወርዳል። ማስመሪያ አምጥቼ የግራውን ዳር ስመለከት ግን በመጀመሪያው ላይ አንዱ ጣት የሚያህል ክፍተት 20 ዲሲቤል ነው፤ በሁለተኛው ላይ 5 ዲሲቤል ብቻ። በአንድ ስኬል መልሼ ስስላቸው ተራራማው ነው ቀጥ ያለው። ከስኬሉ ሌላ ማለስለስ የሚባል ነገር አለ፤ በየአንድ ሦስተኛ ኦክታቩ በአማካይ የተለሰለሰ ኩርባ ጉብታውንም ጉድጓዱንም ስለሚሸፋፍን ሁልጊዜ የሚያምር ይሆናል።

ለጠያቂው ደግሞ ስለ ባለ 12 ኢንቹ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ወረቀቱ ሐቀኛ ነው፤ ይህ ማለት ግን እንከን የለውም ማለት አይደለም። የ12 ኢንች ኮን ራሱ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ ከ1,400 ኸርዝ ገደማ ጀምሮ የሞገዱ ርዝመት ከኮኑ ስፋት ስለሚያንስ ድምፁ እንደ ባትሪ ብርሃን ወደ ፊት ብቻ እየጠበበ ይሄዳል። ክሮስኦቨሩ (ድምፁን በትልቁና በትንሹ ድምፅ ማውጫ መካከል የሚያከፋፍለው ክፍል) ድምፁን ለትዊተሩ፣ ከፍተኛውን ድምፅ ለሚያወጣው ትንሹ ክፍል፣ የሚያስረክበው 2,500 ኸርዝ ላይ ከሆነ፣ በመካከሉ ያለው ክልል ፊት ለፊት ለተቀመጠው ሙሉ ሆኖ ሲደርስ ጎን ለተቀመጠው ይጎድልበታል። ±3 ዲሲቤል የሚለው ቃል ኪዳን ፊት ለፊት ላለው ብቻ ነው የተገባው። በዚህ ረገድ ባለ 8 ኢንቹ የተሻለ ሊሆን ስለሚችል የክሮስኦቨሩን ድግግሞሽ ጠይቁ፤ ካልነገሯችሁም ጎን ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ስሙ።

በገና ደርዳሪ

እኔ የማገለግለው በበገና ነው፤ ስለ ዲሲቤል ብዙ አላውቅም። ነገር ግን ወንድማችን ስለ መካከለኛው ክልል ያነሣው ነገር በአገልግሎታችን ላይ በየሳምንቱ የማየው ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልሁም። አማርኛችን የሚለያቸው ድምፆች በጣም ስስ ናቸው። «ጸጋ» እና «ሰጋ»፣ «ጠራ» እና «ተራ»፣ «ቀሰሰ» እና «ከሰሰ» የሚለያዩት ተነባቢው በሚፈነዳባት ቅጽበት ነው። ስፒከሩ እዚያ ላይ ከደከመ ሰባኪው የቱንም ያህል ቢጮህ ቃሉ አይለይም። ድምፁን ከፍ ስናደርግ ጩኸቱ ይጨምራል እንጂ ቃሉ አይጠራም፤ አረጋውያን እናቶች ደግሞ ከሁሉ በፊት ይጎዳሉ።

ስለ በገና አንድ ጥያቄ አለኝ። ወፍራሞቹ አውታሮች እጅግ ዝቅ ያለ ድምፅ ነው ያላቸው፤ ሆኖም በትንሽ የስልክ ስፒከር እንኳ ስሰማው በገና መሆኑን፣ የትኛው አውታር እንደተደረደረም ጭምር አውቃለሁ። ከበሮው ግን በስልክ ሲሰማ ባዶ ጣሳ ይመስላል። ሁለቱም ዝቅ ያሉ ድምፆች ከሆኑ ልዩነቱ ከየት መጣ?

የፊዚክስ መምህር

እህቴ፣ መልሱ ያለው በራስዎ መሣሪያ ላይ ነው። በአውታሩና በመቆሚያው መካከል የምታስገቧት የቆዳ ቁራጭ፣ እንዚራ የምትሏት፣ አውታሩ ሲርገበገብ እየነካችው ያን የሚታወቀውን ዝዝዝታ ትፈጥራለች። ያ ዝዝዝታ ከመሠረታዊው ድግግሞሽ በላይ ሁለት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ፣ አራት እጥፍ እያለ የሚሄድ የብዙ ድምፆች ስብስብ ነው። የስልኩ ስፒከር መሠረቱን ጨርሶ ባያወጣውም እነዚያን ላይኛዎቹን ያወጣቸዋል፤ አእምሯችንም በመካከላቸው ካለው እኩል ርቀት ተነሥቶ የጎደለውን መሠረት ራሱ ይሞላዋል።

ከበሮ እንዲህ ያለ እርዳታ የለውም። የተወጠረ ቆዳ የሚያወጣቸው ድምፆች እንደ አውታር በሙሉ ቁጥር የተደረደሩ ስላልሆኑ አእምሮ የጎደለውን የሚሞላበት ምልክት አያገኝም። በዚያ ላይ ከከበሮ የምንፈልገው መጠኑን ብቻ ሳይሆን ደረት ላይ የሚያርፈውን ግፊት ነው፤ ግፊት ደግሞ በእርግጥ አየር ካልተገፋ አይመጣም። ስለዚህ ስፒከሩ ከታች የሚጎድለው ነገር ቢኖር ቀድሞ የሚያጋልጠው ከበሮው እንጂ በገናው አይደለም።

ባለ መለኪያ ማይክ

ሁለቱም የጻፉት ከልቤ ነው የገባው። ለአዳራሹ ተጠሪ የምመክረው ተግባራዊ ነገር ይህ ነው፤ ሻጩ በመያዣም ቢሆን ሁለቱን ስፒከሮች ለአንድ ምሽት እንዲሰጥዎት ይጠይቁ። እኔ ብዙ ሩቅ ስላልሆንሁ የመለኪያውን ማይክ ይዤ እመጣለሁ። ሩም ኢኪው ዊዛርድ የተባለውን ሶፍትዌር ማንም ሰው በነጻ ሊጠቀምበት ስለሚችል ኩርባውን እዚያው አብረን እናየዋለን። ስንለካም በዝግታ ብቻ ሳይሆን በአገልግሎት ጊዜ በሚከፈትበት መጠን እንለካለን፤ አምፕሊፋየራቸው አብሮ የተገጠመላቸው ስፒከሮች ድምፁ ከፍ ሲል ዉፈሩን (ዝቅተኛውን ድምፅ የሚያወጣውን ትልቁን ክፍል) ከመቃጠል ለማዳን ቤዙን ራሳቸው ይቀንሱታልና። ወረቀቱ ላይ የሚታተመው ኩርባ ብዙውን ጊዜ በዝግታ የተለካው ነው።

የአዳራሹ ተጠሪ

እግዚአብሔር ይስጥልን። ሻጩ በመያዣ ሰጠን፤ ሙከራውን ዓርብ ማታ አደረግነው። ሌሎችም እንዲጠቀሙበት ያየነውን እንዳለ እጽፋለሁ።

ሁለቱን ስፒከሮች በፒንክ ኖይዝ (ሁሉንም ድግግሞሽ በያዘ የመለኪያ ሹክታ) እኩል መጠን ላይ ካደረስናቸው በኋላ በመጋረጃ ጋረድናቸው። እህታችን የጠቀሰቻቸውን ዓይነት 20 ቃላት አንድ ወንድም በማይክ አነበበ፤ በመጨረሻው ረድፍ የተቀመጡ አምስት ሰዎችም የሰሙትን በወረቀት ጻፉ። በባለ 8 ኢንቹ ከ20ው በአማካይ 13 ብቻ ነው በትክክል የተጻፈው፤ በባለ 12 ኢንቹ 18። ኩርባው ላይ ምክንያቱ ወዲያው ታየ፤ ባለ 8 ኢንቹ 3,000 ኸርዝ አካባቢ ሰፊ ጉድጓድ አለው፤ ከ8,000 በላይ ደግሞ ጉብ ብሎ ይወጣል። መጀመሪያ ሲሰሙት «ጥርት ያለ» የሚያስመስለው ያ ጉብታ ነበር፤ የኮሚቴው አባላትም በሱቁ የወደዱት እሱን ነው። ከታች 38 ኸርዝ ላይ የተመዘገበው ከመካከለኛው መጠን በ22 ዲሲቤል ያነሰ ነው።

ከሜሪላንድ የተሰጠን ማስጠንቀቂያም ትክክል ሆኖ ተገኝቷል። የባለ 12 ኢንቹን ፈተና ወደ ጎን ወንበሮች ስንወስደው ውጤቱ ከ18 ወደ 15 ወረደ። ስፒከሮቹን ወደ አዳራሹ መካከል ጥቂት ስናዞራቸው 17 ደረሰ። አንድ ነገር ግን አላረካንም። ከበሮው ከድሮው የተሻለ ቢሆንም የጠበቅነውን ያህል አይደለም፤ ኩርባው ላይም 85 ኸርዝ አካባቢ ስለት የመሰለ ቀዳዳ ይታያል። ወረቀቱ ከ55 ጀምሮ ±3 ካለ ይህ ከየት የመጣ ነው?

ባለ መለኪያ ማይክ

ያን ምሽት መብራት ጠፍቶ ስለተቋረጥን ነው ሳልነግርዎት የሄድሁት። ስፒከሮቹ የቆሙት ከኋላቸው ካለው ግድግዳ 1 ሜትር ርቀት ላይ ነበር። ወደ ኋላ የሚሄደው ዝቅተኛ ድምፅ ግድግዳውን መትቶ 2 ሜትር ተጉዞ ይመለሳል፤ ይህ ርቀት የሞገዱ ግማሽ በሚሆንበት ድግግሞሽ ላይ ተመላሹ ከቀጥተኛው ጋር ተቃራኒ ሆኖ ይደርስና እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። 343ን ለ4 ሜትር ሲያካፍሉ 86 ኸርዝ ይመጣል፤ ኩርባው ላይ ያዩት ቀዳዳ እሱ ነው። ስለዚህ የስፒከሩ ጉድለት አይደለም፤ ወረቀቱ የተለካው ግድግዳ በሌለበት ነው።

ይህን ቀዳዳ በኢኩዋላይዘር፣ የየድግግሞሹን መጠን በሚጨምረውና በሚቀንሰው መሣሪያ፣ ለመሙላት አይሞክሩ፤ ቀጥተኛው ሲጨምር ተመላሹም እኩል ይጨምራልና ዉፈሩን ማድከም ብቻ ነው የሚተርፈው። መፍትሔው ስፒከሮቹን ወደ ግድግዳው ማስጠጋት ነው። የስፒከሩ ፊት ከግድግዳው 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢርቅ ቀዳዳው ወደ 190 ኸርዝ ይወጣል፤ እዚያ ላይ ስፒከሩ ወደ ኋላ የሚለቀው ድምፅ እያነሰ ስለሚመጣ ጉዳቱ ይለዝባል። ከ100 ኸርዝ በታች ያለው ደግሞ ግድግዳው እየደገፈው ይጠነክራል። ሲጠነክር የሰባኪው ድምፅ ሊጎረና ስለሚችል ሚክሰሩ ላይ በሰባኪው ማይክ መስመር ያለውን የሎው ከት (ዝቅተኛውን ድምፅ የሚቆርጥ) ቁልፍ ይጫኑት፤ የከበሮውን ማይክ መስመር ግን አይንኩት።

የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ

በዚሁ ላይ፣ በቤት ውስጥ ለሚያዳምጡ አንባቢዎች አንድ ነገር ልበል። ጠባብ ክፍል ውስጥ ችግሩ ከዚህ ይብሳል። አዲስ አበባ ያለው የወንድሜ የኮንዶሚኒየም ሳሎን ወርዱ 3.6 ሜትር ነው፤ 343ን ለ7.2 ስናካፍለው 48 ኸርዝ ገደማ ይሆናል፤ በዚያ ድግግሞሽ ላይ ድምፁ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ቆሞ ይቀራል። ግድግዳ ተጠግቶ የተቀመጠ ሰው ቤዙ ያስጨንቀዋል፤ ክፍሉ መካከል የተቀመጠው ደግሞ ያንኑ ድምፅ ከነጭራሹ አይሰማውም። ሁለቱ ሰዎች ስለ አንድ ስፒከር ቢከራከሩ ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

የአዳራሹ ተጠሪ

ስፒከሮቹን እንደተባለው አስጠጋናቸው፤ የሎው ከቱንም ተጫንን። ትናንት ማታ በልምምድ ላይ ከበሮው ሲመታ ከፊት ረድፍ የነበሩት ሕፃናት ቀና ብለው ወደ ስፒከሩ ሲመለከቱ አየሁ። ኮሚቴው ባለ 12 ኢንቹን ለመግዛት ወስኗል። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ልጠይቅ፤ ሙከራውን ያደረግነው አዳራሹ ባዶ ሆኖ ነው። እሑድ ሰው ሲሞላ ይህ ሁሉ ይለወጣል ወይ?

ባለ መለኪያ ማይክ

ታችኛው ክፍል ብዙ አይለወጥም፤ ላይኛው ይለወጣል። ሰውና ልብስ ከፍተኛውን ድግግሞሽ ይውጣል፤ የእኛ ምእመናን ደግሞ ነጠላና ጋቢ ደርበው ስለሚመጡ አዳራሹ በወፍራም ጥጥ የተሸፈነ ያህል ይሆናል። ማስተጋባቱ ስለሚቀንስ ለስብከቱ ጥቅም አለው፤ ኋላ የተቀመጡት ግን ላይኛው ድምፅ ሊሳሳባቸው ይችላል። ስለዚህ ዓርብ የመዘገብነውን ኩርባ አስቀምጡት፤ እሑድ ከስብከቱ በፊት አዳራሹ ሞልቶ ሳለ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ፒንክ ኖይዙን በዝግታ ለቅቀን በመጨረሻው ረድፍ ላይ እንለካለን። ልዩነቱ ከ4,000 ኸርዝ በላይ ከ2 ዲሲቤል የሚበልጥ ከሆነ ሚክሰሩ ላይ ያን ያህል ብቻ እንጨምራለን። ማይኩን ይዤ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ላይ እጠብቅዎታለሁ።